በእግሬ የምረግጠው ሺፍት

በመሥሪያ ቤታችን ከኔ ጠረጴዛ እስከ ሌላዋ ጸሐፊ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ አይሞላም። ረቂቅ ደብዳቤ የያዘ ሰው በበሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አያለሁ፤ እሱም ማየቴን ያያል። ከዚያ ወረቀቱን ከጀርባው ደበቅ አድርጎ «እንዴት ዋልሽ? እጅሽ እንዴት ነው? አይዞሽ» ይለኝና አልፎኝ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ወረቀቱ ሌላዋ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ይላል። እሷ በሥራ ብዛት ወገቧ ይቆረጣል፤ እኔ በመቀመጥ ብዛት።

ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ተጣልቻቸው በተገላገልኩ ነበር። እኔን ያደከመኝ ደግነታቸው ነው። «አንቺ አረፍ በይ» ይሉኛል። ከጠዋት እስከ ማታ አርፌ ቤቴ ስገባ ድንጋይ ስፈልጥ የዋልኩ ይመስል አልጋዬ ላይ ዝርግፍ እላለሁ። ልጆቼ «ዛሬም ብዙ ጻፍሽ?» ሲሉኝ «ብዙ» እላቸዋለሁ።

ቀኝ እጄ አልተቆረጠም። ቆዳውም፣ ጥፍሩም እንደ ነበረ ነው፤ ግን አይሰማም፣ አይታዘዝም። ከቆቦ ወደ ዋጃ ለቅሶ ለመድረስ ስንሄድ የተሳፈርንበት ባጃጅ መንገድ ያቋረጠች ግመል እንዳይገጭ ብሎ ከአስፋልቱ ወጣና ተገለበጠ። ግመሏ ደህና ናት። የኔ ግን ከትከሻዬ ሥር ያለው ነርቭ ተበጠሰ። ደሴ ያየኝ ሐኪም «ይሄ ተመልሶ አይሠራም፤ በግራዎ ይልመዱ» ብሎ እቅጩን ነገረኝ። ሳያባብለኝ ስለ ነገረኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ብዙ ሰው በጦርነቱ የተጎዳሁ ይመስለዋል። መናኸሪያ ላይ ተነስተው ቦታ የሚለቁልኝ አሉ፤ «ጀግና» የሚሉኝም አሉ። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ ባጃጅ ነው» እል ነበር። አሁን ማስተባበሉም ስለሰለቸኝ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

ሙያዬ ጽሕፈት ነው። የተማርኩት ወልዲያ ነው፣ ያውም በታይፕ፤ አስተማሪያችን ጣቶቻችንን እንዳናይ እጃችንን በጨርቅ ትሸፍነው ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ እኛ ከታይፕ የወጣነው ቶሎ ለመድነው። በሰው ፊት የምኮራበት ነገር ቢኖረኝ ይሄ ብቻ ነበር። ኃላፊው እየተንጎራደደ ሲናገር እኔ እጽፋለሁ፤ እሱ ሲጨርስ እኔም እጨርሳለሁ። ወረቀቱን ከማተሚያው ስቤ ስሰጠው ፊቱ ላይ የማየውን ነገር በምንም አልለውጠውም ነበር።

በአንድ እጅ መጻፍማ ይቻላል። ሁለት እጅ እያለው በአንድ ጣቱ እየለቀመ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ። የኔ ችግር ሺፍት የሚባለው ቁልፍ ነው። አማርኛ ስንጽፍ አብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ መመታት ይፈልጋል፤ ገሚሱ ደግሞ ሺፍትን ተጭኖ ይዞ ሌላ ቁልፍ መምታት ይጠይቃል። አንዱ እጅ ይይዛል፣ ሌላው ይመታል። እኔ በግራ ትንሿ ጣቴ ሺፍትን ይዤ በዚያው እጅ እስከ ኪቦርዱ ቀኝ ጥግ ስንጠራራ መዳፌ ሊተረተር ይደርሳል። ከሕክምና በተመለስኩበት በመጀመሪያው ወር አንድ ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ረቂቆቹ በአጠገቤ ማለፍ የጀመሩት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ተናድጄ ሺፍትን ደጋግሜ ቀጠቀጥኩት። ኮምፒውተሩ ጢጥ አለና በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ አወጣ። እኛ ቢሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሳያነቡ እንቢ ብሎ መዝጋት ልማድ ነው። ያን ቀን ግን እንቢ ለማለትም ጉልበት አልነበረኝም፤ ኢንተርን መትቼ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ሺፍትን ነካ አድርጌ ብለቀው እንኳ ይዤው እንዳለሁ ቆጥሮ የሚቀጥለውን ፊደል ይጠብቀኝ ጀመር። ቀስ ብዬ ያንን ጥያቄ መልሼ አወጣሁትና በመዝገበ ቃላት አነበብኩት። ለካ ሁለት ቁልፍ ባንዴ መጫን ለማይችል ሰው ተብሎ ከመጀመሪያው አብሮ የተሠራ ነገር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ማንም አያውቅማ። አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ሲቸኩልልኝ የጠበቀኝ እሱ ብቻ ሆኖ ታየኝ።

ደስታዬ ሳምንት አልሞላም። በምሳ ሰዓት በኔ ኮምፒውተር የሚጠቀም አንድ ባልደረባ ሺፍትን በነካ ቁጥር ጢጥ ሲልበት ጊዜ ቫይረስ ገብቷል ብሎ ለአይቲ ባለሙያችን ነገረው። ባለሙያውም «ቢያንስ የሷ እንኳ ንጹሕ ይሁን» ብሎ ያለውን ሁሉ ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ ጫነልኝ። ለኔ ብሎ ነው፤ አመስግኜ ተቀበልኩ። መልሼ አስተካከልኩት። ደግመው አጸዱልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ልጁ ግን ላቡን እየጠረገ «አሁን ፈጣን ሆኖልሻል» ሲለኝ አፌን መልሼ ዘጋሁት። ደግሞም እንዲያ አድርጌ ስጽፍ ከበፊቱ ይሻል እንጂ ፍጥነት አልነበረውም፤ ሺፍቱም ራሱን የቻለ አንድ ምት ስለሆነ ያቺው አንድ እጄ ስትመላለስ ትውላለች።

የምደባው ማስታወቂያ የተለጠፈው በዚያ ሰሞን ነው። የሥራ መደቦች እንደ አዲስ ሊደለደሉ ስለሆነ ሁላችንም ለያዝነው ቦታ እንድንወዳደር ተባለ። ለጸሐፊነት የጽሕፈት ፈተና አለው፤ በተወሰነ ደቂቃ ይሄን ያህል ቃል። ኃላፊያችን ቢሮው አስጠራኝ። ከጎንደር በኩል ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ወንበር ራሱ ስቦ አስቀመጠኝ።

«ስላንቺ አስበናል» አለኝ። «መግቢያው ላይ የመረጃ ጠረጴዛ ይከፈታል። ጥላ ነው፣ ነፋስ አለው። ባለጉዳይ ሲመጣ የትኛው ቢሮ እንደሚገባ ትጠቁሚዋለሽ፤ በቃ። ፈተናም የለውም።»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ» አልኩት።

«እሱማ ነሽ። ግን ለምን ትንገላቻለሽ?»

«ልንገላታ። እፈተናለሁ።»

ከዚያ በላይ አልተከራከረኝም። ከወደቅኩ በሩ ላይ እንደምቀመጥ ሁለታችንም አውቀናል። ቆቦ ሙቀቷ የታወቀ ነው፤ ለብዙ ሰው ጥላ ሥር መቀመጥ ሹመት ነው። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው፤ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ እጄን እያየ «እግዜር ይማርሽ» እያለ ሲያልፍ፣ እኔም ጡረታ እስክወጣ «አሜን» ስል። ገና ሳልጀምረው ደከመኝ።

መላው የመጣልኝ ልብስ ሰፊ ቤት ነው። የልጄን ዩኒፎርም ለማሳጠር ቁጭ ብዬ የሰፊውን እግር አየሁት፤ እጁ ጨርቁን እየመራ እግሩ ማሽኑን ይነዳል። እኔስ እግር አጥቼ ነው? አልኩ። በማግስቱ ገበያው ውስጥ ሬዲዮ፣ ሞባይልና የሶላር መብራት ወደሚጠግኑ አንድ ሰውዬ ሄድኩ። ሃምሳን ያለፉ፣ የመነጽራቸው እጀታ በሽቦ የታሰረ፣ ቆጠብ ያሉ ሰው ናቸው። ሺፍትን በእግሬ መርገጥ እፈልጋለሁ አልኳቸው።

«በየትኛው እግርሽ?» አሉኝ።

«በቀኙ።»

«ረግጠሽ ትለቂያለሽ ወይስ ረግጠሽ ትይዣለሽ?»

«ፊደሉን እስክመታ እይዛለሁ፤ ከዚያ እለቃለሁ።»

«ሀዬ። የተጣለ ኪቦርድ አታጪም?»

«ቢሮ ሞልቷል።»

«አምጪው በይ። ግና እታለም፣ እንዳልዋሽሽ፣ እኔ ኮምፒውተር የሚባል አላውቅም። ሽቦ ነው የማውቅ። ሽቦ ከሆነ ግን ወላሂ አያቅተንም።»

ወደ ቤት ስመለስ ነው ያስተዋልኩት፤ ስለ እጄ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ከአደጋው ወዲህ መጀመሪያ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ናቸው። ይሄን ሳስበው መንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

አሮጌውን ኪቦርድ ፈተው ከውስጡ ጣት የምታህል ሰሌዳ አወጡ። ከጎናቸው ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ለምነን ሰካናት። እሳቸው በሁለት ሽቦ ጫፍ ሰሌዳዋን እዚህም እዚያም ይነካካሉ፤ እኔ ስክሪኑን እያየሁ «አይደለም፣ አይደለም፣ አሁንም አይደለም» እላለሁ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣው ሁሉ ጉዳዩን ረስቶ ቆሞ ያያል። ሺፍቱ ሲገኝ ከኔ ቀድሞ የጮኸው ከጎብዬ የመጣ አንድ ገበሬ ነው፤ ምን እንደተገኘ ግን አልጠየቀም። ሁለቱን ሽቦዎች በየዱልኝና ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ሶል፣ በበር ማጠፊያና በእስክሪብቶ ሞላ ፔዳል ሠሩልኝ። ሰሌዳዋን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስገብተው ዘጉባት። ኮምፒውተር ሁለት ኪቦርድ ቢሰካበት ከሁለቱም ይቀበላል፤ አንዱ በእጄ፣ አንዱ በእግሬ ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሞላ ጠንካራ ሆኖ ባቴን አሳበጠው። ሁለተኛው ልል ሆነና የእግሬ ክብደት ብቻ ይጫነው ጀመር። ተመላለስኩ። በሄድኩ ቁጥር «አብሽሪ፣ ይገኛል» እያሉ ይፈቱታል። በአራተኛው ልኩ ተገኘ።

ልኩ የጠፋው እኔ ጋ ነበር። እጄ ሃያ ዓመት የሠራችውን እግሬ በአንድ ሳምንት እንድትማር ስፈልግ እንቢ አለችኝ። እጄ ትቀድማለች፣ እግሬ ትዘገያለች፤ እግሬ ስትደርስ እጄ ሌላ ፊደል ላይ ናት። የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ማን እንደጻፈው እንጃ ያሰኛል። በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ሲንጣጣ፣ ጫማዬን አውልቄ እለማመዳለሁ። ዳሌዬን ይቆረጥመኛል፤ ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። አንዳንድ ቀን ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ እንቅልፍ ይወስደኛል።

እንዲህ ሆኜ ሌላዋ ጸሐፊ አንድ ቀን ደረሰችብኝ። ከኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ልቧ ንጹሕ ነው።

«እህቴ፣ እኔ እጽፍልሽ የለ እንዴ? ምን አደከመሽ?» አለችኝ።

«ተይኝ!» ብዬ ጮህኩባት። «አትጻፊልኝ! ማን ጻፊልኝ አለሽ?»

ፊቷ ልውጥ አለ። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሷም አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ በኋላ ግን እኔን ስታይ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ጀመር፤ ያም ሌላ ድካም ሆነብኝ።

በሁለተኛው ወር ማለቂያ ላይ አንድ ቀን ሳላስበው አንድ ሙሉ አንቀጽ ወረደ። እግሬ ትዝም አላለችኝ። ቆም ብዬ ያነበብኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ስሕተት አልነበረበትም። ለማንም አልተናገርኩም። እንዳያደንቁኝ ፈራሁ።

ፈተናው የተሰጠው በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ፈታኙ ከሌላ ቦታ የተላከ፣ ከኔ በጥቂት ዓመት የሚያንስ፣ ትሑት ሰው ነው። ቆርቆሮዬንና ፔዳሌን በፌስታል ይዤ ስገባ ከወንበሩ ተነሣ። ጎንበስ ብዬ ሽቦውን ስሰካ ሊያግዘኝ ሞከረ፤ በጄ አላልኩትም። «ቀስ ብለው ይጻፉ፣ ሰዓቱን አያስቡት» አለኝ በጆሮዬ። ሌሎቹ ተፈታኞች ጭንቀት ላይ ናቸው፤ ለነሱ እንዲህ አላላቸውም።

ስለዚያ ፈተና ሰበብ የለኝም። መብራት አልሄደም። ፔዳሉ አልተንሸራተተም። ሽቦው አልተነቀለም። የተሰጠን ጽሑፍ የለመድኩት ዓይነት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። እጄ ሄደች፣ እግሬ ተከተለች። «አቁሙ» ሲባል ልቤ እየመታ ነበር፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ ከጻፍኩ ስንት ጊዜዬ! ያለፍኩ መሰለኝ። መሰለኝ ብቻ አይደለም፣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሌሎቹ የጻፉትን አትመው ወረቀታቸውን እየሰጡ ወጡ። እኔ ገመዴን እስክሰበስብ የመጨረሻ ሆንኩ። ፈታኙ ወረቀቴን ተቀብሎ ሳያየው ከሌሎቹ ሥር አስገባው። ጠረጴዛው ላይ የውጤት መሙያው ተዘርግቷል፤ የሌሎቹ ቦታ ባዶ ነው፤ ገና አልታረመማ። ከኔ ስም ጎን ግን ቁጥር ተሞልቷል። ቀለሙ ደርቋል። ቁጥሩም ትንሽ አይደለም፤ በሁለት እጄ ዘመን እንኳ ያን ያህል ፈጥኜ አላውቅም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

ደነገጠ። በክንዱ ሊሸፍነው ሲል ተወው። «ኮሚቴው ተነጋግሮበታል። መሥሪያ ቤትዎም ጠይቆልዎታል። እርስዎ አልፈዋል፣ አያስቡ።»

«መቼ ነው ያለፍኩት?»

«ትናንት… ማለቴ፣ ታስቦልዎት ነው።»

«ታዲያ ለምን ፈተናችሁኝ?»

«እንዳይከፋዎት ብለን ነው» አለ፤ ከልቡ።

ሁለት ወር ሙሉ ያበጠው ባቴ፣ የጮህኩባት ልጅ፣ አራት ጊዜ የተቀየረው ሞላ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ለካ እዚያም ወረቀቴ በአጠገቤ አልፎ ሄዷል። ተቆጣሁ ማለት አይገልጸውም። የቆምኩበት ወለል የወረደ መሰለኝ።

«ያርሙልኝ» አልኩት።

«ምን ያደርግልዎታል? ይተውት።»

«ያርሙት! አሁን፣ እያየሁ።»

ወረቀቴን ከሥር መዝዞ አወጣው። ቀይ እስክሪብቶ ከፈተ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃል በቃል ይቆጥር ጀመር። እኔ ቆሜ ነው፤ ይቀመጡ ቢለኝም አልቀመጥም። መጀመሪያ ላይ ፊቱ ፈካ፤ ቀና ብሎም አየኝ፣ እንደ ሰው። ያችን ቅጽበት አልረሳትም። ከዚያ ወደ ታች ሲወርድ ዝግ አለ። ከጨረሰ በኋላ እንደገና ከላይ ጀመረ። ሁለተኛ መቁጠሩ ለኔ አዝኖ እንደሆነ ገብቶኛል።

«ስሕተትዎ በጣም ትንሽ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «እንዲህ ጥርት ያለ ጽሑፍ ብዙም አላጋጠመኝም።»

«ፍጥነቱስ?»

«በደቂቃ ሦስት ቃል ጎደለ።»

ከመስኮቱ ውጭ ተማሪዎች ኳስ ይጫወታሉ። ካለፍኩ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ለኃላፊው፣ ለሌላዋ ጸሐፊ፣ ለገበያው ሰውዬም። ለዚህ ያዘጋጀሁት ቃል አልነበረኝም። በታይፕ ዘመን እንዲህ ቢያጋጥመኝ ወረቀቱን ወርውሬለት እወጣ ነበር። ማን ይፈራል! አሁን ግን በሩ ላይ ያለው ጠረጴዛ ታየኝ፤ ጥላውም፣ ነፋሱም፣ «እግዜር ይማርሽ» የሚለው ሰልፍም። ልጆቼ «ዛሬም ብዙ ጻፍሽ?» ሲሉኝ ታየኝ። እውነቱን እኔው ጠየቅኩ፣ እውነቱ ተነገረኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማንን እቆጣለሁ?

ፈታኙ እስክሪብቶውን እንደያዘ በትሕትና ጠየቀኝ።

«የቱን ልጻፍ?»

«የበፊቱ ይሁን» አልኩት።

እፎይ ሲል ሰማሁት። ደግ ሰው ነው፤ ቅር ብሎኝ እንዳልሄድ ፈርቶ ነበር። ያረመውን ወረቀት ለብቻው አጥፎ ከመሳቢያው ከተተና የውጤት መሙያውን ወደኔ አዞረልኝ። ከስሜ ጎን አንድ ጠባብ ባዶ ቦታ አለ፤ ከላዩ «ውጤቴን አይቼ፣ አምኜበት ተቀብያለሁ» ይላል። በግራ እጄ ፈረምኩ።